የበለሷ ቤት

ሐሙስ፣ ጁላይ 10፣ 2025

ሙቀት። ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። ሁለት ጊዜ ኤርፖርት፣ አንድ ጊዜ ሚድታውን። ከሰዓት በኋላ ሲያንጎዳጉድ ዋለ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ዓመቱ ሊሞላ 27 ቀን ቀረ። ማታ ማታ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ "ለልጆችህ እንኳ እንዲህ ቆጥረህ አታውቅም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ታክስ ዲዱን፣ ካውንቲው ቤቱን በግብር ዕዳ ሲሸጥልን የሰጠንን ወረቀት፣ ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት። ኦገስት 6፣ 2024። ዋጋ 23,500 ዶላር። 14,000ው የእኔ፣ እቁቡ የደረሰኝ ጊዜ። 9,500ው የሽርካዬ። በወረቀቱ ባለቤቶቹ እኛ ነን። መግባት ግን አንችልም። ማከራየት አንችልም። ግድግዳ መቀባትም እንደዚያው። ዓመት ሙሉ ባለቤት ሆኖ ደጅ መጥናት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ቤቱ ጋ ሄጄ ሳር አጨድኩ። 40 ደቂቃ መንዳት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ማጨድ፣ 40 ደቂቃ መመለስ። ማንም አላዘዘኝም። ባለፈው መኸር በሩ ላይ ሳሩ ከልክ አልፏል የሚል የካውንቲ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ።

ጎረቤቱ ሽማግሌ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሁልጊዜ ያዩኛል። ዛሬ ጠሩኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡኝና ስለ ቤቱ ባለቤት፣ ስለ ሴትዮዋ፣ ያወሩኝ ጀመር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበሩ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያመላለሱ። ያረፉት በ2022። ግብሩም የቆመው ያኔ።

ሹፌር መሆናቸውን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

ጓሮው ውስጥ የበለስ ዛፍ አለ። ፍሬው መብሰል ጀምሯል። ሽማግሌው "ውሰድ እንጂ፣ ወፍ ነው የሚጨርሰው" አሉኝ። እጄን ዘርግቼ ተውኩት። የማን ነው? ያን ሁሉ ወረቀት ሳነብ ስለ በለስ የሚል አላየሁም።

ዓርብ፣ ጁላይ 18

ሽርካዬ ቤት ቡና። ስልኩ ውስጥ የኩሽና ካቢኔት ፎቶ ሞልቷል። ነጭ፣ ግራጫ፣ ደግሞ አንድ አረንጓዴ። ዕቅዱ አልቆለታል። ዓመቱ እንደሞላ ጠበቃው ለወራሾቹ ማስታወቂያ ይልካል፣ ጋዜጣ ላይ አራት ሳምንት በተከታታይ ይታተማል፣ የማስመለስ መብታቸው ይዘጋል። ባርመንት ይሉታል። ዓመት መሙላቱ ብቻውን እንደማይዘጋው ስንት ጊዜ እንደነገርኩት። እሱ ግን ኦገስት 6ን እንደ ሠርግ ቀን ነው የያዘው።

እኔም አብሬ አየሁ። ነጩ ጥሩ ነው። ልጄ በመጪው ወር ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ትገባለች።

ካስመለሱት 20 በመቶ እናገኛለን። ካላስመለሱት ቤቱ ይቀርልናል። በየትኛውም በኩል አንከስርም እየተባባልን ነው የገባንበት። አሁን የትኛውን እንደምመኝ ለራሴም አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

ዝናብ፣ በስንት ጊዜው። መንገዱ ጎርፍ፣ ሥራ ቀዘቀዘ።

ዳላስ ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለ። ቴክሳስ ላይ ባለቤቱ ይኖርበት የነበረ ቤት ከሆነ ሁለት ዓመት ይጠበቃል አለ። በመጀመሪያው ዓመት ያስመለሰ 25 በመቶ፣ በሁለተኛው ያስመለሰ 50 በመቶ ጨምሮ ይከፍላል። ገዢው ለቤቱ ኢንሹራንስ ያወጣውም ይተካለታል። ቀናሁ። እኔ 612 ዶላር ኢንሹራንስ ከፍያለሁ፣ እዚህ ጆርጂያ ማን ይቆጥርልኛል?

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። እዚያ ሜሪላንድ ደግሞ ገዢው የሚይዘው የምስክር ወረቀት ነው፣ ቤት አይደለም። ባለቤቱ ዕዳውን ከነወለዱ ለካውንቲው ይከፍላል፣ ካውንቲው ለገዢው ይመልሳል። ሁለቱ ላይተያዩ ይችላሉ። እዚህ የሚከፈለው ለገዢው ለራሱ ነው። ለእኔ፣ በእጄ። እስከዛሬ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም።

ሰኞ፣ ጁላይ 28

የማላውቀው ቁጥር። የሜከን አካባቢ ኮድ። ተሳፋሪ ይዤ ስለነበር አላነሳሁም። መልእክት ትታለች። ወጣት ድምፅ፣ ቀስ ያለ። የአያቷን ቤት በተመለከተ ነው። ስሜን ከዲዱ ላይ አግኝታው ሦስት ጊዜ ልትጠራው ሞክራ ተወችው። ገንዘቡን ልትመልስልኝ ትፈልጋለች፣ ስንት እንደሆነ እንድነግራት። ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምን ስላደረገች?

መልእክቱን አራት ጊዜ ሰማሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 29

ለሽርካዬ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ፣ "እስከ 6 ስንት ቀን ቀረ?"

ስምንት።

"በቃ ስልክህ ተበላሽቷል" አለኝ።

በናፕኪን ላይ አሰላነው። አሁን ብትከፍል ጭማሪው 20 በመቶ፣ 4,700 ዶላር። ዓመቱን በአንድ ቀን ካለፈች ሌላ 10 በመቶ። የተጀመረ ዓመት እንደ ሙሉ ነው የሚቆጠረው። 2,350 ዶላር ለአንድ ቀን። እኔ 2,350 ለማግኘት ስንት ሌሊት ነው ኤርፖርት የምመላለሰው?

"ያስቀመጥነው እኛ ነን እንዴ? ሕጉ ነው" አለ። ሕጉ ነው። እኔም እንዲያ ነው ያልኩት፣ በአፌ።

ከሰዓት እንደገና ደወለች። ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ። ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ "አንሳው፣ እኔ አልቸኩልም" አለኝ። አላነሳሁም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 30

ዛሬ አልደወለችም። ስልኩን ሃያ ጊዜ አየሁት።

እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። መጽሐፍ ቅዱሷን አምጥታ ዘሌዋውያን 25ን ገለጠች። በቅጥር በታጠረ ከተማ ያለ ቤቱን የሸጠ ሰው ዓመት እስኪሞላ መቤዠት ይችላል። ዓመቱ ካለፈ ለገዢው ይጸናል። አንድ ዓመት! እንደገና አነበብነው። ባርመንት የሚል ብቻ ነው የጎደለው።

ሁለት ምዕራፍ አልፋ 27ን አወጣች። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቤት ነው እዚህ፤ ሰጪው መልሶ ሊቤዠው ከፈለገ በግምቱ ላይ አምስተኛ እጅ ይጨምራል። አምስተኛ እጅ። 20 በመቶ። ሁለታችንም ሳቅን።

"ይሄኛው ግን ለካህኑ ነው የሚገባው" አለችኝ። ከዚያ ሳህኑን አንስታ ስትሄድ፣ "ስልክ አለማንሳትስ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?"

እንቅልፍ የለም። ደጅ ሲካዳዎቹ ይጮኻሉ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 31

ደወልኩላት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ነዳጅ ማደያ ቆሜ። ስልኬ ተበላሽቶ ነበር አልኳት። ውሸት። እዚህ ጻፍኩት።

ግምቱን ነገርኳት። ወደ 30 ሺህ። ዝም አለች። ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል። "እስከ መቼ ጊዜ አለኝ?" ጊዜስ ከዚያም በኋላ ይኖርሻል፣ ግን እስከ ማክሰኞ ብትጨርሺ ይሻልሻል አልኩ። ለምን አለች። ነገርኳት። አሁን ታውቃለች፣ መመለስ አይቻልም።

ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋለ። ማታ ላይ ደግሞ ቆጨኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ለሽርካዬ በ3 ሰዓት ነገርኩት። ሳልጨርስ ዘጋብኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ቤቱ ጋ ተገናኘን። ከአጎቷና ከሕፃኑ ጋር መጣች። ቁልፍ አላት። ዓመት ሙሉ ዙሪያውን ስዞረው የኖርኩት ቤት፣ እሷ በአንድ እጇ ከፈተችው። ግባ አለችኝ። አመነታሁ፣ ገባሁ። የተዘጋ ቤት ሽታ። ግድግዳ ላይ የሥራ ባልደረቦች የፈረሙበት ካርቶን፣ ቢጫ አውቶቡስ የተሳለበት። እኔ ውስጡን በሐሳቤ ነጭ ቀብቼዋለሁ። ካቢኔቶቹ እንጨት ናቸው፣ ቡናማ፣ ደህና።

"ጣሪያው ላይ ሰማያዊ ሸራ ያደረገው ማነው?" አሉኝ አጎትየው። እኔ ነኝ አልኩ። የካቲት ላይ ማዕበሉ የወሰደው ቦታ ነበር። ሆም ዲፖ፣ 86 ዶላር። ዋጋውን አልተናገርኩም። አመሰገኑኝ። ወዲያው ደግሞ "ማን ፈቀደልህ?" አሉኝ። ያንንም አልመለስኩም።

ከዚያ እሷ ወረቀቷን አወጣች። ዕዳው 4,300 ነበር፣ 23,500 ማን አደረሰው? አለች። በቁጣ አይደለም፣ ግራ ገብቷት።

እኔ ነኝ።

እንዴት ልነግራት እችላለሁ ያን ቀን? ጥሪው የተጀመረው ከ4,300 ነው። ባለ ኮፍያ ሰውዬ ነበር፣ ታብሌት የያዘ፣ ለአንድ ኩባንያ የሚጫረት፣ ፊቱን እንኳ ሳያነሳ ጣቱን ብቻ የሚያነሳ። እስከ 12 ሺህ ብለን ተነጋግረን ነው የመጣነው። ከ15 ሺህ በኋላ ቤቱን ረስቼዋለሁ፣ ሰውዬውን ነበር የምገዛው። ሽርካዬ እጅጌዬን ሲጎትት ትዝ ይለኛል። አሁን ሲገባኝ፣ እኔ በእልህ በጨመርኩት በእያንዳንዱ ሺህ ላይ ይህች ልጅ 200 ትከፍላለች። በ4,300 ቢሸጥ ኖሮ ጭማሪዋ 860 ነበር።

አንድ ነገር ነገርኳት። ከዕዳው የተረፈው 19,200 ካውንቲው ዘንድ ተቀምጧል። የካውንቲው አይደለም፣ የእኔም አይደለም። ቤቱ ላይ ሌላ ዕዳ ከሌለ የእናንተ ነው። አጎትየው ከኪሳቸው ደብዳቤ አወጡ። አንድ ድርጅት ነው፣ ገንዘብ ተቀምጦላችኋል፣ ሲሶውን ስጡንና እናውጣላችሁ የሚል። ማጭበርበር መስሏቸው ኖሯል። የካውንቲው የራሱ ደብዳቤ የተላከው በሟቿ ስም ነው፣ ማን ከፍቶ ያንብበው? እናንተው ጠይቁ፣ ለማንም ሲሶ አትስጡ አልኩ።

ማለትም የራሳቸው 19 ሺህ እዚያ ተቀምጦ፣ እነሱ 30 ሺህ ፍለጋ ይዞራሉ። እሷ ከጡረታ ቁጠባዋ ተበድራለች። አጎትየው የጭነት መኪናቸውን ሊያሲዙ ነው።

ስወጣ በለሱን አየሁ። ግማሹን ወፍ ጨርሶታል።

እሑድ፣ ኦገስት 3

ቅዳሴ። ከቅዳሴ በኋላ አባን ጥግ ይዤ ጠየቅኋቸው። ሰሙኝ። "አራጣ ነው እንድልህ ነው የመጣኸው ወይስ አይደለም እንድልህ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። "እንግዲያው ገና ነህ፣ ሱባኤው ሐሙስ ይገባል" ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

አያቴ ትዝ አሉኝ። ጎጃም፣ በወለድ አገድ የሰጡት ቁራሽ መሬት። በሬ ሞቶባቸው። የያዘው ሰው ሰባት ክረምት አርሶ በላ። ገንዘቡ ሲመለስለት የሰጠውን ያህል ብቻ ተቀብሎ መሬቱን ለቀቀ፣ ሳንቲም አልጨመሩለትም። ሰባቱን ምርት ግን በልቷል። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ያን ሰው በክፉ አንስተውት አያውቁም። አባቴ ነው የሚረግመው። እንግዲህ የእኔ መሬት ምርት አልሰጠኝም፣ ገንዘቡ ራሱ ነው የወለደው። የትኛው ይሻላል? ባለዕዳው ዘንድ ምናልባት ለውጥ የለውም።

ሙቀቱ 35 ደረሰ።

ሰኞ፣ ኦገስት 4

ጠበቃው ቢሮ። ወጪዬን ዘርዝሬ ይዤ ሄድኩ፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት። የታይትል ምርመራ 350። ኢንሹራንስ 612። ሸራ 86። የሳር ማጨጃ ምላጭ 24። ድምር 1,072። ቤንዚኑን አልጻፍኩትም።

እስክሪብቶውን አነሳና አንድ በአንድ ሰረዘው። ምርመራው፣ አይገባም። ኢንሹራንሱ፣ አይገባም። ሸራው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ "ጣሪያው ላይ ወጥተህ ነበር?" አለኝ። ወጥቼ ነበር። "ሁለተኛ እንዳትለው።" የቀረችው አንዲት መስመር፣ ባለፈው ዓመት ለካውንቲው የከፈልኩት የ2024 የቤት ግብር፣ 1,642። እሱ ይተካል። እንግዲህ የጨረታው ዋጋ 23,500፣ በእሱ ላይ 20 በመቶ 4,700፣ ግብሩ 1,642። 29,842 ዶላር። ረቡዕን ቢያልፍ 32,192 ይሆን ነበር ብሎ አየኝ። መልስ የሚጠብቅ መሰለኝ።

ወሬ ይወዳል። ካውንቲው የሚያወጣው የማስፈጸሚያ ወረቀት ፋይ ፋ ይባላል፣ ላቲን ነው ብሎ አስረዳኝ። ስለ ሚኒያፖሊሷ አሮጊት አወራኝ፣ የ94 ዓመቷ። ዕዳቸው ከነቅጣቱ 15 ሺህ ገደማ፣ ቤታቸው 40 ሺህ ተሸጦ ሄኔፒን ካውንቲ ልዩነቱን ለራሱ አስቀረው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ አይሆንም አሉ። "እዚህ ጆርጂያ ግን ትርፉ ለባለቤት እንደሚጠበቅ ቀድሞም ሕግ ነበር" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እሱ እንዳወጣው።

አንድ የገረመኝ ነገር። ልጅቷ ብትከፍልም ቤቱ ወደ እሷ አይዞርም። የሽያጩ ውጤት ይነሳና እንደ ነበረው በሟቿ ስም ይመለሳል። ከዚያ ውርሱን በፍርድ ቤት ይጨርሱ። ወራሽ በመሆኗ መክፈሉ ግን ተፈቅዶላታል፣ ቤቱ ላይ መብት ያለው ማንም ሰው ማስመለስ ይችላል። ከሦስት ዓመት በፊት የሞቱ ሴትዮ ነገ ቤታቸውን ሊያስመልሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል። ዝናብ ያዘለ ሰማይ።

ካሸርስ ቼክ ይዛ መጣች። ሕፃኑን አስቀምጣው ነው የመጣችው። የሆስፒታል ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ከዚህ በቀጥታ ሥራ ልትገባ። ቁጥሩን አየሁ፣ ፊደሉን አየሁ፣ እንደገና ቁጥሩን። አፈርኩ፣ ግን አየሁ። እኔ ደግሞ ኩዊትክሌሙን ፈረምኩ። አለኝ ያልኩትን መብት ሁሉ ትቻለሁ የሚል፣ አንድ ገጽ ወረቀት። ሽርካዬ ቀደም ብሎ መጥቶ ፈርሞ ሄዷል። ሳያገኛት።

"ስምህን እንዴት ነው የሚጠሩት?" አለችኝ። ነገርኳት። በሁለተኛው ያዘችው።

ሌላ የተነጋገርነው የለም። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ? እንኳን ደስ ያለሽ ይባላል? በራሷ ቤት?

ስወጣ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ረስቼው፣ የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው። ዝርዝር የያዙ፣ ጥላ የያዙ። ባለ ኮፍያውም አለ፣ ያው ታብሌት። አየኝና ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ። አንድ አድራሻ ሲጠራ ሰማሁ፣ ከዚያ ቁጥር። ቆሜ ሦስት ቤት አዳመጥኩ። ለምን እንደቆምኩ እንጃ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ዓመቱ ሞላ። ዝናብ። ባዶ ቀን።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7

ፍልሰታ ገባ። ሽሮና ጎመን።

ሽርካዬ ማታ መጣ። ድርሻውን ሰጠሁት፣ 9,500ውን ከ1,900 ጋር። ቆጠረ። ቡና አልጠጣም አለ፣ ጠጣ። "ያቺ 10 በመቶ ለእኔ 950 ነበረች" አለኝ። "አንተ የራስህን ልትተው ትችላለህ። የእኔን ማን ተው አለህ?"

መልስ አጣሁ። የእሱን ሳልጠይቀው ነው የደወልኩት። ገብቼ 950 አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። አይ ይለኛል፣ ይመልሰዋል ብዬ ነበር። ኪሱ ከተተው።

ከሄደ በኋላ ሠራሁት። የእኔ ጭማሪ 2,800። ሲቀነስ 950። ሲቀነስ 1,072። 778 ዶላር። በ14,000 ላይ፣ ለዓመት። ሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ በስልክ ጭማሪው ገቢ ነው፣ ግብር አለበት አለኝ። ግብር!

ባለቤቴ ሳቋን መደበቅ አቃታት። ቀጥሎ ግን እጄን ያዘች። ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ዓርብ፣ ኦገስት 15

ሥራ ብዙ። ተማሪ፣ ተማሪ፣ ተማሪ። ሁሉም ፍራሽና ማራገቢያ ይዞ።

ልጄን ዶርም አደረስኳት። የመጀመሪያው ክፍያ ተከፍሏል። ከየትኛው ገንዘብ እንደሆነ አትጠይቅም። ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ተቀላቅሏል፣ ልለየው እንኳ አልችልም።

ያቺ ልጅ በእነዚያ ሁለት ቀናት ተስፋ ቆርጣ ቢሆንስ? በሦስተኛው ቀን ሳልደውልላት ቀርቼ ቢሆንስ? ደውያለሁ። ግን የደወልኩት ባለቤቴ ስለተናገረችኝ ነው ወይስ እኔ? ሌሊቱን ስነዳ ይኼ ይመጣብኛል።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 19

ቡሄ። የአፓርታማው ልጆች ፓርኪንጉ ውስጥ ሆያ ሆዬ አሉ፣ በግማሽ አማርኛ። ዱላ ስለሌላቸው የመጥረጊያ እንጨት። ሙልሙሉን ባለቤቴ ጋግራለች። አንድ የናይጄሪያ ጎረቤት መስኮት ከፍቶ አጨበጨበ።

በመሐል መልእክት ገባ። ከእሷ። "የውሃው ዋና መዝጊያ የት ነው?" አላውቅም ብዬ ጻፍኩ። "ዓመት ሙሉ ባለቤቱ አንተ አልነበርክም?" ብላ የሳቅ ምልክት ጨመረች።

ሽማግሌውን ጠይቂ፣ በረንዳው ላይ ያሉትን፣ አልኳት። እሳቸው ያውቃሉ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21

ሽርካዬ መልእክት ላከ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው። የሴፕቴምበር 2 ጨረታ ዝርዝር፣ አራት አድራሻ በቀይ ከቦ። ሌላ ቃል የለውም። ከፈትኩት። ሁለተኛውን አድራሻ ካርታ ላይ አየሁ። ዘጋሁት። ማታ እንደገና ከፈትኩት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23

ዛሬ ፍስክ። ጠዋት ቁርጥ ተበላ፣ ከበደኝ።

ለአንድ ተሳፋሪ ወደዚያ አካባቢ ሄጄ ነበር። ስመለስ መንገዱን ሳላስብ ታጠፍኩ። መኪናው የለመደው መሰለኝ። ዝቅ ብዬ ነዳሁ፣ አልቆምኩም።

ሸራው አሁንም ጣሪያው ላይ ነው። መስኮቶቹ ተከፍተዋል። አንድ ሰው ሳሩን አጭዶታል፣ አካሄዱ የተጣመመ፣ ቸኩሎ። በፖስታ ሳጥኑ ዙሪያ ያለውን ትቶታል። እዚያ ጋ ድንጋይ አለ፣ ማጨጃው አይገባም። እኔ በእጄ ነበር የምነቅለው።